አልሞቅ ያለችው መኪና

በእኛ አገር ሰው በብዙ ነገር ይሞታል፤ በእርግጠኝነት የሚገድለው ግን ንፋስ ነው። ይህን የተማርኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ፣ ያለ ማስረጃ ምንም ነገር የማይቀበል ሰው ነበር፤ ንፋስን በተመለከተ ግን አንድም ቀን ማስረጃ ጠይቆ አያውቅም። በመኪና መስኮት በጣት ስፋት የገባች ንፋስ አንገት ታጣምማለች፣ ወገብ ትይዛለች፣ ሳንባ ውስጥ ገብታ ትቀመጣለች። የጎረቤታችን ፊት ወደ አንድ ጎን የዞረው ከናዝሬት መስኮት ከፍቶ ስለመጣ ነው። ሐኪሙ ሌላ ምክንያት ነግሮት ነበር፤ ቤታችን ውስጥ ግን የሐኪሙን ቃል የሚሰማ አልተገኘም።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ አንድ ክረምት ላይ ነው። ገርጂ፣ አባቴ በማኅበር ተደራጅቶ በሠራው ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ እንኖር ነበር፤ እናቴ ካረፈች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። እኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ቦሌ መንገድ ላይ ባለ ትንሽ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ብርድ አገር ለሚሄዱ ሰዎች ትኬት እሸጣለሁ። አባቴ ጡረታ ከወጣና ዓይኑ ከደከመ በኋላ መኪናውን ለእኔ ለቆልኛል። ነጭ ነበረች፣ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አያንስም፤ በሮቿ ሲዘጉ ሰፈሩ ሁሉ መግባታችንን ያውቃል።

ግንቦት ላይ አባቴ ሳል ጀመረው። ንፋስ ነው አለ። ሰኔ ላይ ሳሉ አላስተኛ ሲለው በግድ ወስጄ አስመረመርኩት፤ የሳንባ በሽታ ነው ተባለ። ሁለት ወር ሙሉ በየማለዳው ቦሌ ያለው ጤና ጣቢያ እየሄደ መርፌ እንዲወጋ ታዘዘ፤ አንድ ቀን ከዘለለ ሕክምናው ከሀ ይጀመራል። በሚኒባስ እንዳንሄድ ወያላው በሩን ከፍቶ ነው የሚጓዘው። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴን አባቴን ጭኖ ማመላለስ የእኔና የዚያች መኪና ዕጣ ሆነ።

መኪናዋ ደግሞ ሂተሯ አይሠራም።

ሙቀት ማጣት ብቻ ቢሆን በጋቢ ይቻል ነበር። ችግሩ መስታወቱ ነው። ውጭ ዝናብ፣ ውስጥ ሁለት ሰው ይተነፍሳል፣ አንደኛው ያስላል። ሦስት መቶ ሜትር ሳንሄድ የፊት መስታወቱ በጉም ይሸፈናል። ለዚህ በዓለም ላይ ሁለት መድኃኒት አለ፦ ወይ ሞቃት አየር መልቀቅ፣ ወይ መስኮት መክፈት። የመጀመሪያው ተበላሽቷል፣ ሁለተኛው ነፍስ ማጥፋት ነው። እኔ በግራ እጄ መሪ ይዤ በቀኜ በአሮጌ ፎጣ እየወለወልኩ፣ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ በምታህል ቀዳዳ አዲስ አበባን እያየሁ እነዳ ነበር። አባቴ ከኋላ ወንበር፣ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ መሃል ላይ ተቀምጦ፣ «ቀስ» ይለኛል። ከዚያ በላይ ቀስ ብል ኖሮ ወደ ኋላ እንሄድ ነበር።

አንድ ማለዳ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። ካፖርቱ ውሃ ያንጠባጥባል። በመስታወቱ ላይ የወለወልኳትን ቀዳዳ ጎንበስ ብሎ አያትና በበሩ በኩል መጣ።

«እህቴ፣ በምንድን ነው የምታይው?»

«በዚችው» አልኩት።

«መስኮት አትከፍቺም?»

መልስ ሳልሰጥ አባቴ ከኋላ፣ «ልጄ፣ በሽተኛ ነኝ፤ ንፋስ እንዳይመታኝ ብላ ነው» አለው። የፖሊሱ ፊት ወዲያው ተለወጠ። ቅጣት ሊጽፍ ያወጣውን ወረቀት ወደ ኪሱ መለሰ። «ይቅርታ አባባ፣ አላየሁዎትም። ንፋስማ መጥፎ ነው፤ የእኔንም አጎት ጀርባውን ይዞት ቀረ» አለና እኔን ደግሞ፣ በሩን ቶሎ ዝጊው፣ ምነው ከፍተሽ ትይዥዋለሽ ብሎ ተቆጣኝ። የከፈተው እሱ ነው። የአገሪቱ ሕግ ለማን እንደሚሰግድ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የምሥቅበት ነገር ግን እያነሰ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት መርፌ የምትወጋው ነርስ የአባቴን እጅ ይዛ ቆየች፤ ጣቶቹ በረዶ ሆነዋል፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። ወደ ጎን ጠራችኝ። «መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ግን አባባ በየቀኑ እንዲህ ተንቀጥቅጠው የሚመጡ ከሆነ አቅማቸው አይችልም። ሞቅ አድርገሽ አምጫቸው። ክረምቱ ገና ነው» አለችኝ። ስንመለስ «በረደህ እንዴ አባባ?» አልኩት። «ኧረ ደህና ነኝ» አለ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነው ደህና ነኝ የሚለው። ፈራሁ። እናቴም እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ደህና ነኝ ነበር ያለችው።

ስለዚህ ሂተሯን ላሠራ ተነሳሁ፤ የከተማዋንም ሊቃውንት አንድ በአንድ ተዋወቅሁ።

የመጀመሪያው መገናኛ አካባቢ ያለ የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ነበር። እኔ ችግሩን በዝርዝር ስነግረው ፊቱን አዙሮ ከኋላ የተቀመጠውን አባቴን፣ «አባባ፣ መቼ ነው የጀመራት?» ብሎ ጠየቀ። ሴት ልጅ ሹፌር ልትሆን ትችላለች፣ የበሽታውን ታሪክ ግን ወንድ ነው የሚያውቀው። አባቴ፣ «እሷን ጠይቃት፤ መኪናዋ የእሷ ናት» አለው። እኔም ኮራ ብዬ፣ «እኔ ከያዝኳት ጀምሮ አንድም ቀን ሞቃ አታውቅም» አልኩ። ሠራተኛው ራሱን ነቀነቀ፣ ሂተር ማለት ኤሌትሪክ ነው ብሎ ገላገለኝ፣ ዳሽቦርዱን ፈታትቶ ማራገቢያውን ቀየረው።

ማራገቢያው እንዴት ያለ ማራገቢያ ነበር። ድሮ ዝም ብሎ ይበርደን ነበር፤ አሁን እየጮኸ ይበርደን ጀመር። አባቴ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ስቦ፣ «ከውጭ እንዳይገባ ስንከላከል አንቺ ከውስጥ የንፋስ ፋብሪካ ከፈትሽለት?» አለኝ። አጠፋሁት።

ሁለተኛው ራዲያተር ጠጋኝ ነው። እሱም ጥያቄውን ለአባቴ አቀረበ፣ አባቴም «እሷን ጠይቃት» አለ፣ እኔም «ከያዝኳት ጀምሮ» አልኩ። ሰውየው የኤሌትሪኩን ሰው ስም ሳይጠይቅ ሰደበውና፣ ሂተር ማለት ውሃ ነው አለኝ። ሞቃቱን ውሃ ወደ ሂተሩ የሚወስዱትን ሁለት የጎማ ቱቦዎች ፈትቶ አጠበ፤ ቡና የመሰለ ዝገት ወጣ። እኔ ዝገቱን ሳይ ደስ አለኝ፣ በሽታውን በዓይኔ ያየሁት መስሎኝ። መኪናዋ ግን እንደቀዘቀዘች ቀረች። ተመልሼ ስሄድ ከፓስታ ካርቶን ላይ ቀዶ ራዲያተሩ ፊት ለፊት ሻጠልኝ፤ ብርድ እንዳይመታው ነው አለ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ትንሽ ለብ ብላ ነበር። በማግስቱ ዝናቡ ካርቶኑን አራሰውና ገንፎ ሆኖ መንገድ ላይ ቀረ።

ሦስተኛው ቦሌ ውስጥ፣ መስታወት ያለው ቢሮና ስልክ የምታነሳ ልጅ ያለው ትልቅ ጋራዥ ነው። ባለቤቱ ራሱ ወጣ። ሹራብ፣ በላዩ ጃኬት፣ በአንገቱ ፎጣ አድርጎ፣ እጆቹን ከሰል ላይ እያሞቀ፣ «እህቴ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሂተር ምን ያደርግልሻል? የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ያለበት አገር ነው እኮ» አለኝ። ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን እየደበደበ ስለነበር ሁለት ጊዜ ጮኾ መድገም ነበረበት። የእሱ መፍትሔ ሂተሩን ጨርሶ ነቅሎ መጣል ነው፤ መኪናዋ ትቀልላለች።

በዚህ ላይ የወዳጅ ዘመድ ምክር አለ። ቢሮ ያለች ጓደኛዬ መስታወቱን በሳሙና አለች። አጎቴ በሲጋራ ትምባሆ እሺው አለኝ፤ አሸሁት፣ ጉሙ እንዳለ ሆኖ መኪናዋ መጠጥ ቤት መጠጥ ቤት ሸተተች። ነርሷም ተጠራጥራ አባቴን ማጨስ ጀመሩ እንዴ ብላ ጠየቀችው። ያገሬ ሰው አላውቅም ማለት ነውር ነው ብሎ የሚያስብ ይመስለኛል፤ ያኔ እንዲህ እያልኩ በሁሉም ላይ እሥቅ ነበር። ስለ መኪና ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ እንደሌለ እርግጠኛ እየሆንኩ መጣሁ።

አንድ ቅዳሜ የጤና ጣቢያው ዘበኛ አዘነልንና፣ ጎሮ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አለ፣ የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለስ የኖረ፣ ሂዱ ለእሱ አሳዩት አለን። ጎሮ ያኔ ሰፈር ሊሆን የሚያስብ የጤፍ ማሳ ነበር። ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ገብተን፣ ሁለት ጊዜ ሰው ገፍቶን ደረስን። ሽማግሌው ግቢው ውስጥ፣ የቆርቆሮ ዳስ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጧል። መፍቻ አላነሳም። ሞተሩን አጥፊና እስኪቀዘቅዝ ሻይ ጠጡ አለን። ሞተር ሳያይ ሻይ የሚጋብዝ መካኒክ ሳይ፣ ይሄም አራተኛው ነው አልኩ በልቤ።

ሻዩ አልቆ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አስነሺ አለኝ። ኮፈኑን ከፈተ፣ ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የላይኛውን ወፍራም ቱቦ በመዳፉ ያዘና ቆመ። የሕፃን ትኩሳት እንደሚለካ ሰው ዝም ብሎ ቆመ። ቀጥሎ የእኔን እጅ ወስዶ ቱቦው ላይ አስቀመጠ።

«ምን ይሰማሻል?»

«ቀስ እያለ ለብ እያለ ነው።»

«ጤነኛ ብትሆን ይሄ ቱቦ ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ከዚያ ድንገት ያቃጥልሻል። ይሄ ግን ከመጀመሪያው ለብ እያለ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የሙቀት ቀስት የት ነው የምትቆመው?»

«ታች ነው፤ በጭራሽ ወደ ላይ አትወጣም። ሞተሩ በጣም ጥሩ ነው» አልኩት። በዚያች ቀስት እኮራ ነበር።

«ጥሩ አይደለም፤ በርዶታል» አለ። «ውሃው እስኪሞቅ ሞተሩ ውስጥ ይዞ የሚያቆየው በር አለ፤ ተርሞስታት ይባላል። ውሃው ሲሞቅ ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘጋል። የአንቺ በር የለም። ውሃው ሳይሞቅ ራዲያተር እየሄደ ይቀዘቅዛል። ሞተሩ ራሱ ሳይሞቀው እናንተን በምን ያሙቃችሁ?»

ሁለት ብሎን ፈታ፣ ክዳኑን አነሳና አሳየኝ። ባዶ ነበር።

«ማን ነው ያወጣው?» አለ።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ትዝ ሲለኝ ደግሞ ቀስ ብሎ አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ መኪናዋን በተረከብኩ በሁለተኛው ወር፣ ከደብረ ዘይት ስመለስ ዱከም አካባቢ ውሃዋ ፈላብኝ። ገርጂ ያለ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ከሞተሩ ውስጥ አንዲት የናስ ቁራጭ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠና፣ «እህቴ፣ ይቺ በረዶ ላለበት ለፈረንጅ አገር የተሠራች ናት፤ እኛ ጋ ሞተር ከማፈን ሌላ ሥራ የላትም» አለኝ። በጣም ገባኝ። አውጣልኝ አልኩት። እውነትም ሁለተኛ አልፈላችም። ያን ሰሞን እቤት የመጣ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ሰምቷል፤ ፈረንጆቹ ሲሸውዱን እንዴት እንደደረስኩባቸው፣ ሳልጨምር አላወራሁትም። እራት ላይ ለአባቴ የናሷን መጠን በጣቴ አሳይቼዋለሁ።

ሽማግሌው መልስ እየጠበቀ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሠራተኛውን ሁሉ ድንቁርና እየቆጠርኩ ስሥቅ የነበርኩት ሴትዮ፣ «እኔ እንጃ» አልኩ። እንዲህ ብዬ ዋሸሁ።

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ ከኋላ ወንበር።

ዞር አልኩ። በሩን ከፍቶ፣ ጋቢውን ይዞ፣ እየወረደ ነው። «ድሮ ነው፤ ስትፈላብኝ ጊዜ ያስወጣሁት እኔ ነኝ» አለው ሽማግሌውን።

ሽማግሌው አዘነ። «አይ እርስዎ፣ የተማሩ ሰው ይመስሉኛል እኮ። ሞተር የሠራው ሰው ትርፍ ዕቃ አይጨምርም። ሳንባዎን የጎዱት በገዛ እጅዎ ነው» እያለ ብዙ ወቀሰው። ተማሪዎቹ ፊቱን ቀና ብለው የማያዩት አባቴ፣ ጭቃ ላይ ቆሞ፣ «እውነትዎን ነው፣ አጥፍቻለሁ» ይላል። እኔ ኮፈኑን ይዤ ቆሜ ነበር። አንዲት ቃል መናገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ አልተናገርኳትም።

ሽማግሌው ከዳሱ ጥግ አንድ የወተት ጣሳ አመጣ። ሙሉውን ተርሞስታት ነው። የአሰብ መንገድ ሹፌር ሁሉ እያወጣ ሲጥል እሱ እየለቀመ ኖሯል። የእኛን የሚያህል መረጠና ምድጃ ላይ በፈላ ውሃ ውስጥ ከተተው፤ ናሱ እንደ እንቅልፋም ዓይን ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሲያወጣው ተዘጋ። ይሠራል አለና ገጠመው። ለልጅዎ ብዬ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ሰው አላክምም ነበር ብሎ አባቴን ፊት ወንበር አስቀመጠው፣ ሙቀቱ እንዲደርሰው።

ጎሮን ሳንጨርስ ቀስቷ ከተኛችበት ተነሳች። ማራገቢያውን ከፈትኩ። መጀመሪያ ቀዝቃዛ መጣ፣ ከዚያ ለብ ያለ፣ ከዚያ እጅ የሚያፍታታ። የመስታወቱ ጉም ከሥር ጀምሮ ወደ ላይ እየሸሸ ሄደ፣ መንገዱም በሙሉ ስፋቱ መጣ። አባቴ እጆቹን ዘርግቶ አየር መውጫው ላይ ያዘ። ልባችሁ እንዳይንጠለጠል አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ መርፌውን አንድም ቀን ሳይዘል ጨረሰ፣ ዳነም።

ሙቀቱ ሲደርሰኝ መዋሸቴ ይበልጥ ከበደኝ።

«አባባ፣ ተርሞስታቱን ያስወጣሁት እኔ ነኝ እኮ» አልኩ።

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅህ? አሁን ነው?»

«ያኔ ነው። በሳምንቱ ለማለዳ ቅዳሴ ስትወስጂኝ በረደኝ። በእኔ እጅ እያለች እኮ ትሞቅ ነበር።»

መኪናዋን መንዳት ሊያቅተኝ ምንም አልቀረኝም። ሁለት ክረምት። ሁለት ሰው ጠይቆታል፣ መቼ ጀመራት ብሎ፣ እያንዳንዱ ጊዜ ከኋላ ተቀምጦ እየሰማ ነበር። «ታዲያ ለምንድን ነው ያልነገርከኝ? እየታመምክ፣ እየተንቀጠቀጥክ» አልኩት፤ ቁጣም ለቅሶም ነበር ድምፄ።

አባቴ እጆቹን ከሙቀቱ ላይ አላነሳም። «እናትሽ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ስትሥቂ ያየሁሽ ያን ቀን ማታ እራት ላይ ነው። ተሳስተሻል ልበልሽ?» አለኝ።

በእኔ በኩል የነበረውን አየር መውጫ ወደ እሱ አዞርኩትና ወደ ገርጂ መንዳቴን ቀጠልኩ።